የሪጀንሲ ቀሚስ በቤት ውስጥ መስፋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጡት ሥር ተይዞ እስከ እግር ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ቀሚስ በፊልም ያየች ሴት አንድ ቀን "እኔስ ብሰፋው?" ማለቷ አይቀርም። እኔም ብዬ ጀመርኩ። ለራሴ ሰፋሁ፣ ለልጄ ሰፋሁ፣ ቀጥሎ ለጓደኞቼ ልጆች። ጀማሪዎች የሚጠይቁኝ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። የዚህ ቀሚስ ሙያ ያለው ከላይ ባለችው ትንሽ ጨርቅ ላይ ነው፤ በተለይ ከጀርባዋ። ጉርዱ ቀላል ነው። ስለዚህ ጊዜሽን ለላይኛው ስጪ።

ሪጀንሲ የሚባለው የትኛው ዘመን ነው?

በጥብቅ ካየነው ከ1811 እስከ 1820 ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሳልሳዊ በሕመም ምክንያት መግዛት ሲያቅታቸው ልጃቸው እንደራሴ ሆነው አገሩን አስተዳደሩ። "ሪጀንት" ማለት እንደራሴ ነው፤ የዘመኑ ስም ከዚያ መጣ። ልጅየው በ1820 ጆርጅ ራብዓዊ ተብለው ነገሡ።

ልብስ የምንሰፋ ሰዎች ግን ሰፋ አድርገን ከ1795 ገደማ እስከ 1820 ያለውን ሁሉ ሪጀንሲ እንለዋለን። የወገቡ መስመር ከፍ ብሎ የቆየው በእነዚህ ዓመታት ነውና። ፈረንሳዮቹ ይህንኑ ቅርጽ "ኤምፓየር" ይሉታል፤ ናፖሊዮን በ1804 ንጉሠ ነገሥት ከሆነ በኋላ ያለውን ዘመን ይዘው ነው። በእኛ አገር ያኔ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ሄንሪ ሶልት የሚባለው እንግሊዛዊ ትግራይ ደርሶ ራስ ወልደ ሥላሴን ያገኘው በ1805 ነው። የሶልት አገር፣ የእንግሊዝ ሴቶች በዚያ ዓመት የሚለብሱት እንግዲህ ይህን ቀሚስ ነበር።

ወገቡ ለምን ከፍ አለ?

ከዚያ በፊት የሀብታም ሴት ልብስ ከባድ ሐር፣ ጠንካራ የደረት ማሰሪያና ጉርዱን በጎን የሚወጥር ቀፎ ነበር። በ1783 ሠዓሊዋ ኤሊዛቤት ቪጄ ለብሩን የፈረንሳይዋን ንግሥት ማሪ አንቷኔትን ነጭ ስስ የጥጥ ቀሚስ ለብሳ ሣለቻት። ሰዉ ተቆጣ። "ንግሥት በውስጥ ልብሷ እንዴት ትሣላለች!" ተባለ። ሥዕሉም ከኤግዚቢሽኑ ወረደ። ፋሽኑ ግን አልቆመም። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ደግሞ የጥንት ግሪክና ሮም ሐውልቶች ልብ ሳቡ። ሐውልቶቹ ቀለማቸው በዘመን ብዛት ለቆ ነጭ ሆነው ስለተገኙ ቀሚሱም ነጭና እንደ ዓምድ ቀጥ ያለ ሆነ።

እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ሌላኛው ምንጩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ትንንሽ ሴት ልጆች በ1780ዎቹ ነጭ የጥጥ ቀሚስ በመቀነት ይለብሱ ነበር። ትልልቆቹ ልጆቻቸውን ተከተሉ ማለት ነው። ስለዚህ ለልጅሽ ስትሰፊ የትልቅ ሰው ልብስ እያሳነስሽላት አይደለም። ቀሚሱ መጀመሪያውኑ የእሷ ነበር።

ስለ ጥጡም ማወቅ ያስፈልጋል። ሙስሊን የሚባለው በጣም ስስ የጥጥ ጨርቅ የሚመጣው ከቤንጋል፣ ዛሬ ባንግላዴሽ ካለችው ከዳካ አካባቢ ነበር። ሸማኔዎቹ አየር የሚያህል ጨርቅ ይሠሩ ነበር። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጫናና የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ውድድር ሙያቸውን አዳከመው። ፋብሪካዎቹ ከሚፈትሉት ጥጥ ብዙው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን የለቀሙት ነው፤ በተለይ በ1793 የጥጥ መዳመጫው ማሽን ከተፈለሰፈ በኋላ። ይህን ቀሚስ እወደዋለሁ። ጥጡ የማን እጅ እንደነበረ ግን መርሳት አልፈልግም።

ምን ዓይነት ጨርቅ ልግዛ?

ስስ ጥጥ። ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው።

ቮይል፣ ባቲስትና ሎን የሚባሉት ስስ ጥጦች ጥሩ ናቸው። ስሙ ካምታታሽ በእጅሽ ፈትኚው። ከጥቅሉ ትንሽ ሳቢና በክንድሽ ላይ አንጠልጥዪው። ወደ ታች ከፈሰሰ ግዢው። ተገትሮ ከቀረ ተዪው። ፖፕሊን ለሸሚዝ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ጉርዱን እንደ ድንኳን ያቆመዋል።

የመጀመሪያዬን የሰፋሁት በሚያብለጨልጭ የፖሊስተር ሳቲን ነበር። ሱቅ ውስጥ ዓይኔን ማርኮኝ ነው። ሲያልቅ የሙሽራ ሚዜ ልብስ መሰለ፤ አንድ ሰዓት ከለበስኩት በኋላ ደግሞ በላብ ተጠመቅሁ። ሻጩ "ንጹሕ ጥጥ ነው" ካለሽና ከተጠራጠርሽ ከጫፉ ሁለት ሦስት ክር መዝዘሽ ቤትሽ አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ አንሶላ ለጀማሪ ግሩም ነው። የጥጥ ሳሪም እንዲሁ። አንድ ሳሪ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ጌጥ በቀጥታ የጉርዱ ግርጌ ይሆንልሻል። በዚያ ዘመንም ከሕንድ የመጣ ባለ ጌጥ ሙስሊን ለቀሚስ ይውል ስለነበር ከታሪኩ አትርቂም። ዱባይ ያላችሁ እህቶቼ፣ ቡር ዱባይ የጨርቅ ገበያ ውስጥ እየዞራችሁ በእጃችሁ ዳስሱ።

የሐበሻ ሽመናስ አይሆንም?

ይሆናል። ከሚመስለው በላይ ይሆናል። ስሱን የፈትል ጨርቅ በብርሃን ላይ ያዢው፤ ያ ቀላልነት፣ ያ ወለል ማለት፣ ሙስሊኑን ያስታውሳል። ግን ጠባዩን እወቂ።

አንደኛ፣ ሳትቆርጪ እጠቢው፤ ይሰበሰባል። ሁለተኛ፣ ጫፉ ቶሎ ይተረተራል፤ ስፌቱን ድርብ አድርጊው። መጀመሪያ በውጪ በኩል ጠባብ አድርገሽ ስፊ፣ ትርፉን ከርክሚ፣ ገልብጪና እንደገና በውስጥ በኩል ስፊ። የተቆረጠው ጫፍ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ይለጠጣል። ስለዚህ ላይኛው ክፍል ጠበቅ ያለ ስስ የጥጥ ገበር ያስፈልገዋል፤ ቅርጹን የሚይዘው ገበሩ ነው። ወርዱ ጠባብ መሆኑ አያስጨንቅሽ፤ ጎን ለጎን ቀጥዪው።

ጥበቡን የት ላድርግ ለምትሉ፣ የኔ ምርጫ ከጉርዱ ግርጌ ብቻ ነው። የዘመኑ ነጭ ቀሚሶችም ጥልፋቸውን እዚያ ይይዙ ነበር። ደረት ላይ ስታደርጊው ወፍራም ስለሆነ መሰብሰብ እምቢ ይላል፣ ከጡት ሥር ያለውን መስመርም ይሸፍነዋል። ያ መስመር ከጠፋ ደግሞ ቀሚሱ ሪጀንሲ መሆኑ ይቀራል።

ስንት ሜትር ይበቃኛል?

ወርዱ 1.40 ሜትር ከሆነ፣ መካከለኛ ቁመት ላላት ሴት 3 ሜትር ተኩል፤ ለገበር ደግሞ 75 ሴንቲሜትር። ወርዱ 1.10 ከሆነ 5 ሜትር ያዢ። ለስድስት ዓመት ልጅ 2 ሜትር ይተርፋል።

ልክ እንዴት ልውሰድ?

መጀመሪያ ከሥር የምትለብሺውን ልበሺ። ይህን አትዝለዪ። ጡት ሁለት ሴንቲሜትር ከወረደ ወይም ከወጣ ላይኛው ክፍል በሙሉ ይበላሻል።

ከዚያ አንድ ጠባብ ላስቲክ ከጡትሽ ሥር እሰሪ። ትንሽ ተራመጂ፣ ክንድሽን አንሺ፣ ቁጭ ብለሽ ተነሺ። ላስቲኩ የሚያርፍበት ቦታ ያንቺ የወገብ መስመር ነው። መስተዋት ፊት ቆመሽ ከጀርባ ወደ ታች አለመውረዱን እዪ፤ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን።

አሁን ለኪ፦ ደረት ዙሪያ፣ ላስቲኩ ላይ ዙሪያውን፣ ከአንገት ሥር በትከሻ አልፎ በጡት ጫፍ በኩል እስከ ላስቲኩ፣ ከማጅራት አጥንት እስከ ላስቲኩ፣ ጀርባ ከክንድ እስከ ክንድ፣ የክንድ ዙሪያ፣ ከላስቲኩ እስከ መሬት። የመጨረሻውን የምትጫሚውን ጫማ አድርገሽ ለኪው። ሌላ ሰው ቢለካሽ ይሻላል። ብቻሽን ጀርባሽን ስትለኪ ትጎብጫለሽ፤ ልኩም ይሳሳታል።

በአቡጀዲ መሞከር የግድ ነው?

አዎ። ለላይኛው ክፍል ብቻ ግን። ግማሽ ሜትር አቡጀዲ ወይም ያረጀ አንሶላ ይበቃል። በመርፌ ወስውሰሽ ልበሺው፣ በስፒል አስተካክዪው፣ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። ከዚያ ፍቺውና ያ ጨርቅ ራሱ ፓተርንሽ፣ ማለትም የመቁረጫ ንድፍሽ ይሁን። ጉርዱን መሞከር አያስፈልግም።

ጀርባው ለምን እንደ ፊልሙ አይመጣልኝም?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ጠያቂዋ ዓይን እንዳላት ያሳያልና።

ዛሬ በምንለብሰው ልብስ የትከሻ ስፌት ትከሻ አናት ላይ ነው፣ የጎን ስፌት ከብብት ሥር ነው። በሪጀንሲ ሁለቱም ወደ ኋላ ይሸሻሉ። የትከሻው ስፌት ከአናቱ አራት አምስት ሴንቲሜትር ወደ ጀርባ ይወርዳል። የጎኑ ስፌት ከክንድ ቀዳዳው መሀል ከጀርባ በኩል ይነሳና ጎንበስ እያለ ወደ አከርካሪው ይጠጋል። መሀል ላይ የሚቀረው የጀርባ ጨርቅ ታች ሲደርስ በጣም ጠባብ ነው። የኔ ከታች 10 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ከኋላ ያየሽ ሰው ዓይኑ በእነዚያ ሁለት ጎባጣ መስመሮች ወደ መሀል ይሳባል፤ ጀርባሽ ቀጭን፣ አቋቋምሽ ቀና ይመስላል።

ፓተርን መግዛት ሳያስፈልግሽ የምታገኚበት መንገድ አለ። ልክሽ የሆነ ተራ ላይኛ ልብስ በአቡጀዲ ስፊ። ልበሺውና ሰው ጥሪ። የጠራሽው ሰው ጀርባሽ ላይ አዲሶቹን መስመሮች በእርሳስ ይሣል፦ አንድ በትከሻው ጀርባ፣ አንድ ከክንድ ቀዳዳው መሀል እስከ ወገብ መስመሩ፣ ከአከርካሪው 5 ሴንቲሜትር ርቆ። በሌላው ጎን እንዲሁ። አውልቂው፣ የድሮውን የትከሻና የጎን ስፌት እንደተሰፋ ተዪው፣ በአዲሱ መስመር ቁረጪ። አሁን ፊቱ ትልቅ ሆነ፣ ጀርባው ትንሽ ሆነ። በየጫፉ ለስፌት 1 ሴንቲሜትር ተኩል ጨምሪ። ጀርባሽን አገኘሽው!

የመጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው ሦስት ጊዜ ፈታሁት። በአራተኛው ልኩን አገኘሁ። ያንን አቡጀዲ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ሁሉንም ቀሚሴን ከእሱ ነው የምቆርጠው።

ክንዴን ሳነሳ ቀሚሱ አብሮኝ ይነሳል። ለምን?

የክንድ ቀዳዳው ትልቅ ስለሆነ ነው። ሁላችንም "እንዲመቸኝ" ብለን እናሰፋዋለን፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ቀዳዳው ወደ ታች በወረደ ቁጥር እጅጌው ከጎንሽ ጨርቅ ጋር ይጣበቃል። ክንድሽ ሲነሳ ጎኑን ይዞት ይወጣል። ቀዳዳው ትንሽና እስከ ብብት የተጠጋ ሲሆን ክንዱ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ለልጄ በሰፋሁት የመጀመሪያ ቀሚስ ይህ ደርሶብኛል። ዛፍ ላይ ልትንጠላጠል እጇን ባነሳች ቁጥር ጉርዱ ጉልበቷ ላይ ይደርስ ነበር። እጅጌውን ነቅዬ፣ ከብብት ሥር ቁራጭ ጨርቅ ጨምሬ ቀዳዳውን አጠበብኩት። ዳነ።

እጅጌውን ስትገጥሚ ደግሞ ሽንሽኑን ዙሪያውን እኩል አትበትኚ። ፊት ለፊት ሜዳ ተዪው፤ ሽንሽኑን ወደ አናቱና ወደ ኋላ ሰብስቢው።

ከፊት የትኛውን ዓይነት ልምረጥ?

ለጀማሪ የሚሳብ ማሰሪያ ያለው። የፊቱ ጨርቅ ከልክሽ አንድ ጊዜ ተኩል ሰፍቶ ይቆረጣል። አንገቱ ላይና ከጡት ሥር ልክ እንደ ፒጃማ ወገብ ማሰሪያ ይገባበታል። ስትስቢው ጨርቁ ተሰብስቦ በአካልሽ ልክ ይቀመጣል። ብትከሺም ብትወፍሪም ይሆንሻል። ነፍሰ ጡርም ትለብሰዋለች።

ሁለተኛው እንደ ሽርጥ የሚወርደው ነው። ጉርዱ ከፊት በኩል በሁለቱ ጎን አንድ ስንዝር ያህል ተሰንጥቆ ይተዋል። የደረቱ ጨርቅ ከጉርዱ ጋር ተያይዞ ወደ ላይ ይወጣና ትከሻ አካባቢ በስፒል ወይም በቁልፍ ይያዛል። ከሥሩ ሁለት የገበር ክንፎች ደረትን ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ። ለምታጠባ እናት ይህን የሚያህል የለም። ሥራው ግን ይከብዳል፤ ሁለተኛ ቀሚስሽ ይሁን።

ሦስተኛው ፊቱ ተሰፍቶ ከጀርባ የሚዘጋው ነው። ለልጆች ይመቻል፤ የሚያለብሳቸው ሰው አለና።

ስለብሰው እርጉዝ እመስላለሁ። ምን አጠፋሁ?

ምናልባት ሽንሽኑን ፊት ለፊት አድርገሽዋል። በ1795 አካባቢ ያሉት ቀሚሶች ከፊትም ይሰበሰቡ ነበር። ከ1800 በኋላ ያሉት ግን ፊታቸው ሜዳ ነው፤ ትርፉ ሁሉ ወደ ኋላ ሄዷል።

እኔ እንዲህ እቆርጠዋለሁ። የጡት ሥር ልኬ 80 ሴንቲሜትር ነው። የፊቱ ጨርቅ ከላይ 62 ሴንቲሜትር፣ ከታች 110፤ ጎኖቹ ሰያፍ። የጀርባው ጨርቅ ሙሉ ወርድ፣ 140 ሴንቲሜትር፣ ቀጥ ያለ። ፊቱን ያለ ምንም ሽንሽን እገጥመዋለሁ። ጀርባውን በሁለት ረድፍ ረጅም ስፌት ሰፍቼ ክሩን እስባለሁ፤ 140ው ሴንቲሜትር በ18 ሴንቲሜትር ውስጥ ይገባል። ስስ ጥጥ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ፖፕሊን እዚህ ቦታ ጉብታ ይሠራል።

ሌላው ምክንያት የወገቡ መስመር መውረድ ነው። ጡት ሥር ሳይሆን ሆድ ላይ ካረፈ ሆድሽን ያሳያል። አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ አድርጊው።

የትኛውን ዓመት ልስፋ?

ከ1800 እስከ 1810 ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ ለማታ ጭራ ይጎተትለታል። ከ1811 በኋላ ጉርዱ ያጥራል፣ ቁርጭምጭሚት ይታያል፣ ከታች በጌጥ ይከብዳል። ወገቡ በጣም ከፍ የሚለው በ1816 እና በ1817 አካባቢ ነው። ከ1820 ወዲህ መውረድ ይጀምራል። ለመጀመሪያ ጊዜ 1805 አካባቢን ምረጪ፤ ጌጥ አያስፈልገውም፣ ጭራውንም መተው ይቻላል። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምና የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የዘመኑን ቀሚሶች ፎቶ በኢንተርኔት በነፃ ያሳያሉ። ከፊልም ይልቅ እነሱን ተመልከቺ። ጀርባቸውን ፈልጊ!

ለልጄ ስሰፋ ምን ይለያል?

ልኬት ይቀላል። ጡት ስለሌለ ላይኛው ክፍል አራት ማዕዘን ሊባል ምንም አይቀረው። መስመሩ ከብብቷ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል። ቁመቱ እስከ ባት ወይም ቁርጭምጭሚት ይሁን፤ መሬት የሚነካ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ደረጃ ላይ ትወድቃለች።

ልጅ ታድጋለች፤ የዘመኑ እናቶችም ያውቁት ነበር። ስለዚህ ጉርዱ ግርጌ ላይ እጥፋት ይሰፉ ነበር። 2 ሴንቲሜትር የሆነ እጥፋት 4 ሴንቲሜትር ጨርቅ ይበላል። ሦስት ካደረግሽ 12 ሴንቲሜትር አጠራቀምሽ። በየዓመቱ አንዱን ትፈቺያለሽ። እጥፋቶቹ ራሳቸው ጌጥ ናቸው፤ ከዳንቴል ይበልጣሉ ባይ ነኝ። ስትፈቺው የድሮው መስመር ትንሽ ይታያል። እርጥብ አድርገሽ ተኩሺው፣ ካልለቀቀ ደግሞ ሪባን ስፊበት።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ማሰሪያው ነው። በዘመኑ የልጆቹ አንገት በሚሳብ ማሰሪያ ይሰበሰብ ነበር። ለትንንሽ ልጆች ይህን አልመክርም። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ክር መወጣጫ ላይ ሊያዝ ይችላል። ሽንሽኑን ሰብስበሽ በጠርዝ ጨርቅ ስፊውና ይለቅ፤ ከጀርባ በቁልፍ ይዘጋ። መቀነቱንም ስትጫወት አውልቂላት። ስስ ጥጥ እሳት ቶሎ ይይዘዋልና ከሻማና ከከሰል አርቂያት።

የእግር መኪና ብቻ ነው ያለኝ። ይሆናል?

ያውም በደንብ። ሲንጀር የመኪናውን ፈቃድ ያወጣው በ1851 ነው፤ እውነተኞቹ የሪጀንሲ ቀሚሶች በሙሉ በእጅ የተሰፉ ናቸው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው። ቀጭን መርፌ አስገቢ፣ 60 ወይም 70 ቁጥር። ስፌቱን 2 ሚሊሜትር አድርጊው። ጨርቁን መኪናው ከዋጠብሽ ከሥሩ ስስ ወረቀት አንጥፈሽ ስፊና በኋላ ቅደጂው።

እኔ የውስጡን በመኪና፣ ከውጪ የሚታየውን በእጅ እሰፋለሁ። ግርጌውን መቀምቀም፣ አንገቱን መዘምዘም፣ የጀርባውን ሽንሽን መግጠም የእጅ ሥራ ነው። በእጅ የተቀመቀመ ግርጌ ሲወርድ ልስልስ ይላል። በመኪና የተሰፋው ይገተራል።

ዚፕ ብጠቀም?

አትጠቀሚ። በዘመኑ ዚፕ አልነበረም፣ ያቺን ጠባብ ጀርባም ያጣምማታል። ማሰሪያ፣ ትንንሽ ቁልፍ ወይም መንጠቆ ይበቃል።

ከሥሩ ምን ይለበሳል?

ሴቶቹ ከሥር ነጭ የውስጥ ቀሚስ፣ በላዩ ጡትን ከፍ አድርጎ የሚይዝ የደረት ማሰሪያ፣ በላዩ ደግሞ ሌላ የውስጥ ጉርድ ይለብሱ ነበር። "ቀሚሳቸውን ውሃ አርጥበው ከገላቸው ያጣብቁ ነበር" የሚለውን ወሬ አትመኚው፤ የዘመኑ ካርቱን ሣዮች ማጋነን ይወዱ ነበር።

ለዛሬ አንገትሽ ላይ የማይታይ፣ ማንጠልጠያው አጠር የተደረገ ጥሩ ጡት መያዣ ይበቃሻል። የውስጥ ጉርዱን ግን አትተዪው። ስስ ጥጥ ብርሃን ያሳልፋል። በዚያ ላይ ስትራመጂ ጨርቁ እግርሽ መሀል እንዳይገባ ያደርጋል።

ነጭ ብቻ ነው?

አይደለም። ለቀን ቀለምና አበባ የታተመበት ጥጥም ይለበስ ነበር። ነጩ የተከበረው ለማጠብ ብዙ ሥራ ስለሚጠይቅ ነው፤ ነጭ የለበሰች ሴት አጣቢ እንዳላት ታሳያለች። ለኛ ቆዳ ግን ነጭ እንዴት እንደሚያምር ለሐበሻ ሴት መንገር አያስፈልግም።

ምን ልደርብበት?

ስፔንሰር የሚባል እስከ ወገብ መስመሩ ብቻ የሚደርስ አጭር ጃኬት ነበር፤ ስሙ ከእንግሊዛዊው ባላባት ከኧርል ስፔንሰር የመጣ ነው። ከቀሚሱ በተቃራኒ ጠቆር ባለ ቀለም ስፊው። ለብርድ ፔሊስ የሚባለው ረጅም ካፖርት አለ።

ከሁሉ የተወደደው ግን ከካሽሚር የሚመጣው ረጅም ሻል ነበር፤ ነጣ ያለ ወይም ቀይ መሀል፣ ሁለት ጫፉ ላይ ሰፊ ጌጥ። ይህን ስትሰሚ ምን ትዝ አለሽ? ነጠላ አውጪና በሁለት ክርንሽ ላይ ጣል አድርጊው፤ ጥበቡ በሁለቱ ጎን ይውረድ። እኔ እንዲህ ለብሼ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሄጃለሁ። እዚያ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ሰዎች በዚህ ልብስ ከተማውን በሰልፍ ይዞራሉ። ሦስት ሴቶች አስቁመው ሻሉን ከየት እንዳገኘሁት ጠየቁኝ።

ጉርዱ ኪስ የለውም። ለስልክሽ በማሰሪያ የሚዘጋ ትንሽ ከረጢት ከተረፈሽ ጨርቅ ስፊ። በዘመኑም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ቀሚሱ ሲጠብ ኪስ የሚደበቅበት ቦታ ጠፋና ቦርሳው እጅ ላይ ወጣ።

እንዴት ልጠበው፣ እንዴት ልተኩሰው?

በእጅ፣ በለዘብተኛ ሳሙና። አትጭመቂው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው። ጥላ ላይ አስጪው። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ተኩሺው። መጀመሪያ እጅጌውን፣ ከዚያ ላይኛውን፣ መጨረሻ ጉርዱን። የጀርባው ሽንሽን ላይ ካውያውን አትጫኚ፤ ጫፉን ብቻ ከታች ወደ ላይ ወደ ሽንሽኑ አስገቢ። ስትሰቅዪው ከትከሻው ብቻ አይሁን። ወገቡ ላይ በውስጥ በኩል ሁለት የሪባን ማንጠልጠያ ስፊለት፤ የጉርዱን ክብደት እነሱ ይሸከሙ።